ግማሹ የተመለሰበት ቀን

ልብስ ሰፊዋ ደንበኛ አትጠይቅም። ይህንንም በኩራት ነው የምታወራው። «የሚፈልገውን የሚያውቅ ሰው ቢኖር ኖሮ እኔ ሥራ ፈትቼ ነበር» ትላለች። ልብሱን ታለብስና ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብላ ታያለች፤ የት እንደሳበ፣ የት እንደተኮማተረ ጨርቁ ራሱ ይነግራታል። ደንበኛዋ «ብብቴ ስር ያዘኝ» ለማለት አፏን ስትከፍት እሷ ቦታውን በጠመኔ አስምራ፣ ስፒሏን ሰክታ ጨርሳለች። አሥራ ስድስት ዓመት በዚህ አሠራር ኖራለች፤ ሥራዋን ያማ ሰውም የለም። ጥፋቷ ይህንኑ አሠራር ወደ ኩሽና ይዛው መግባቷ ነው።

ሾፌሩን ያገባችው በሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ዕድሜዋን የሰው ሙሽራ ስታለብስ ከርማ የራሷን ቀሚስ በሁለት ቀን ሰፍታ ለበሰች። ሾፌሩ የከተማ አውቶቡስ ይነዳል። ሰው ማስቀየም የማይችል፣ ፌርማታው ያለፈውን ተሳፋሪ እንኳ ከፋኝ እንዳይል መንገድ መሃል አቁሞ የሚያወርድ ሆደ ቡቡ ነው። ቤቷ ይዞ የገባው አንድ ሻንጣና አንዲት የስምንት ዓመት ልጅ ነበር። የልጅቷ እናት ከሞተች ሁለት ዓመት ሆኗታል። አባቷ «ድንቢጥ» ይላታል፤ ስትበላ እንደ ወፍ ቆንጥራ ስለምትተው።

ድንቢጥ እንደ ሌላው ልጅ «ይሄን አልወድም፣ ያንን አልፈልግም» ብላ አትነጫነጭም። ብትነጫነጭ በስንት ጣዕሙ። ዝም ብላ ሳህኑን ታየዋለች። ሩዙ ላይ አንዲት የአተር ፍሬ ካረፈች ሩዙ በሙሉ ተበላሽቷል። እንቁላል ይሸታታል፤ የዳቦ ቅርፊት ጉሮሮዋን ይቧጥጣታል፤ መረቅ የነካው ነገር ሁሉ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የሌላ ሰው ምግብ ነው። ደግሞ ጨዋ ናት። «አመሰግናለሁ፣ ጠገብኩ» ብላ ሳህኗን ራሷ አንስታ ወደ ማጠቢያው ትወስዳለች። ልብስ ሰፊዋን «እርስዎ» ነው የምትላት። አባቷን «አንተ» እያለች እየተንጠለጠለችበት፣ ወደ እሷ ስትዞር ግን «እርስዎ»። ጎረቤት ሰምቶ «እንዴት ያለች ሥርዓት ያላት ልጅ ናት» ሲል ልብስ ሰፊዋ ፈገግ ትላለች፤ «እርስዎ» ግን ለእንግዳ እንደሚባል ታውቃለች።

ነገሩን ያከረረችው አክስት ናት። የሟች ታናሽ እህት፣ ነርስ። በየወሩ መጨረሻ ቅዳሜ መጥታ ልጅቷን ወደምትሠራበት ክሊኒክ ትወስድና ሚዛን ላይ ታቆማታለች። ትምህርት በተከፈተበት ወር ሚዛኑ ሃያ ኪሎ አለ። አክስት ልጅቷን መልሳ ስታመጣ «ግቢ እንጂ» ብትባልም አልገባችም። በሩ ላይ እንደቆመች ለሾፌሩ ተናገረች፤ ዓይኗ ግን ልብስ ሰፊዋ ላይ ነበር።

«እስከ መንፈቅ ዓመቱ ፈተና እታገሣለሁ። ሁለት ኪሎ ጨምራ ካላገኘኋት እኔ ጋ ነው የምትኖረው። የእህቴ አደራ አለብኝ።»

«እሺ» አለ ሾፌሩ። ሾፌሩ ለማንም እሺ ነው።

«ትጨምራለች» አለች ልብስ ሰፊዋ። «አትጠራጠሪ።»

አፏን ሞልታ የተናገረችው በእልህ ብቻ አልነበረም። ልጅቷን ትፈልጋታለች። ለባሏ እንኳ አውጥታ አልተናገረችውም እንጂ፣ «ልጄ» የምትለውን ቃል ማንም በሌለበት፣ የስፌት መኪናዋን እየረገጠች ቀስ ብላ ሞክራታለች። ልኳ ነበረች። ይህቺ ልጅ ከዚህ ቤት ከወጣች ሌላ ልጅ እንደማይገባ ታውቃለች፤ ዕድሜዋንም ሐኪሟንም ጠይቃ ጨርሳለች።

ልጅቷ ጠዋት ወጥታ ከአባቷ ጋር የምትመለሰው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ነገር ዓለሙ ያለው ምሳ ዕቃው ላይ ነው። ልብስ ሰፊዋ ለዚህ ብላ አዲስ ገዛች፤ ባለ ሁለት ክፍል፣ ሰማያዊ፣ ክዳኑ ጠቅ ብሎ የሚዘጋ። ጠዋት አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ትነሳና ትከትፋለች፣ ትቀቅላለች፣ ትጠብሳለች። የመጀመሪያውን ሳምንት ሰኞ የላከችውን ሰኞ ተረከበች፤ ማክሰኞ የላከችውን ማክሰኞ። ሩዙ እንደ ጠዋቱ ተኮፍሶ፣ ዶሮው ቀዝቅዞ፣ ሹካው ሳይነካ። ዓርብ ዕለት ምሳ ዕቃውን ከፍታ ያንኑ ስታይ ማጠቢያው ላይ ተደግፋ በሽርጧ ዓይኗን እየጠረገች አለቀሰች። ሾፌሩ በር ላይ ቆሞ አያት፤ አየሁሽ አላላትም።

ሰኞ ምሳ ዕቃው ባዶውን መጣ።

አላመነችም። ገልብጣ አየችው፣ አሸተተችው። አንዲት ፍሬ ሩዝ የለችም፤ ጥርግ ብሏል። «በላሽው እንዴ?» ብላ ልጅቷን ልትጠይቅ አፏን ከፈተችና ተወችው፤ ከጠየቅኳት ታፍርና ትተዋለች ብላ ፈራች። ለነገሩ ምን መጠየቅ ያስፈልጋል? ባዶ ዕቃ ከዚህ በላይ ምን ይናገራል? የዚያን ቀን አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ እየዘፈነች ነበር የሰፋችው።

ከዚያ በኋላማ ሥራዋን ገባችበት። የልኬት ደብተሯን ከኋላ ገልብጣ፣ በእያንዳንዱ ቀን ትይዩ የላከችውንና የተመለሰውን መጻፍ ጀመረች። መኮሮኒ በሥጋ፦ ምንም አልተመለሰ። ሩዝ በካሮት፦ ካሮቱ ጥግ ላይ ተሰብስቦ ቀርቷል፤ ካሮት ይቅር። ዶሮ በነጭ ሽንኩርት፦ ሙልጭ። አንድ ቀን ተሳስታ ለራሷ የከተፈችው ቃሪያ ገባበት፤ ያም ጥርግ ብሎ መጣ። በማግስቱ አውቃ ጨመረችበት። ቃሪያውን ከፍ፣ ዘይቱን ከፍ፣ ሥጋውን ከፍ፤ ልክ እንደ ቀሚስ፣ ከዚህ ለቀቅ፣ ከዚያ ጠበብ እያደረገች ምሳውን በልኩ ሠራችው። ለደንበኞቿ ሳይቀር ታወራ ነበር።

«ስምንት ዓመቷ ነው፤ ቃሪያ ስትበላ ብታይዋት» ትላለች ስፒል በከንፈሯ ይዛ።

«ባባቷ ወጥታ ነዋ» አለቻት አንዷ። ሁለቱም ሳቁ።

ማታ ገበታ ላይ ግን ድንቢጥ ያቺው ድንቢጥ ናት፤ ሁለት ጉርሻ፣ «አመሰግናለሁ፣ ጠገብኩ»። ልብስ ሰፊዋ ቅር ስትሰኝ ሾፌሩ ቶሎ ጣልቃ ይገባል። «ምሳዋን ጥርግ አድርጋ በልታ የት ትጨምረው? ተያት።» እውነት መሰላት። ደስ ያላት ሰው ብዙ አይመረምርም፤ እሷም አልመረመረችም። በዚሁ መሃል የሾፌሩን የሥራ ሱሪ ሁለት ጊዜ ወገቡን ለቀቀችለት። «ትዳር ነው የተስማማኝ» እያለ ሆዱን መታ መታ ሲያደርግ ትስቅ ነበር። ልኩን በደብተሩ ፊት ላይ መዘገበች፤ ምሳውን በደብተሩ ኋላ ላይ።

አንድ ቀን ብቻ ከመስመር ወጣ። ጠዋት ምድጃዋን ብትለኩስ ጋዙ አልቋል። ሽንኩርቱ ተከትፎ፣ ሥጋው ተዘርዝሮ ጥሬውን ቀረ። ያላት የማታ ቅቅል ድንች ነው። የምትይዘው የምትጨብጠው ጠፋት። ድንቹን በሹካ ደፍጥጣ፣ ጨው ነስንሳ፣ ቅርፊቱ በተቆረጠ ዳቦ መሃል አደረገችውና ሁለት ቦታ ቆርጣ ላከችው። አፈረችበት፤ ምን ዓይነት ምሳ ነው ይሄ? የዚያን ቀን ደግሞ የሾፌሩ አውቶቡስ መንገድ ላይ ተበላሸና ልጅቷን ከትምህርት ቤት የጎረቤት ልጆች ይዘዋት መጡ። ምሳ ዕቃው ውስጥ ከሁለቱ ቁራጭ አንዱ እንዳለ ነበር። ልብስ ሰፊዋ ቀይ እርሳስ አንስታ ጻፈች። «ድንች በዳቦ፦ ግማሹ ተመለሰ። አትወደውም። ይቅር።» ከዚያ ሰርዛ አሰመረችበት፤ ሁለተኛም አልሠራችውም።

ፈተናው አለፈና የመጨረሻው ቅዳሜ ደረሰ። ልብስ ሰፊዋ ጠዋት ቤቷን ጠርጋ፣ ሻይ አፍልታ ጠበቀች። በየወሩ ሚዛኑ ያው ሃያ ሲል «ልጅ ወደ ላይ ሲያድግ ኪሎ አያሳይም» እያለች ራሷን አጽናንታለች፤ በዚህኛው ወር ግን ሥጋውን እጥፍ አድርጋዋለች። አክስት ልጅቷን ይዛ ተመለሰች። በዚህኛው ቀን ገብታ ተቀመጠች፤ ልብስ ሰፊዋ ያኔ ነው ደንገጥ ያለችው።

«አሥራ ዘጠኝ ተኩል» አለች አክስት። «ጭራሽ ቀንሳለች።»

«ሊሆን አይችልም።»

«ሚዛኑ ነው የዋሸው በይኛ።»

ልብስ ሰፊዋ ደብተሯን ከመሳቢያ አውጥታ ገለጠችው። «ይኸው። አራት ወር፣ በየቀኑ። የላክሁት አለ፣ የተመለሰው አለ። አንድ ፍሬ አታስተርፍም። ጠይቂያቸው።»

አክስት ገጾቹን አገላበጠች። ቃሪያ፣ ዶሮ፣ ቃሪያ፣ ሥጋ። አንገቷን ቀና አድርጋ ልብስ ሰፊዋን አየቻት፤ ንዴት እንኳ አልነበረባትም።

«እህቴ፣ ደብተር ላይ የተጻፈ ምሳ ልጅ አያወፍርም» አለች። «እሁድ መጥቼ እወስዳታለሁ።»

ልብስ ሰፊዋ ወደ ባሏ ዞረች። ንገራት እንጂ፣ አንተ አይደለህ ምሳ ዕቃውን ይዘህ የምትመጣው፣ ንገራት። ሾፌሩ የሻይ ማንኪያ ያገላብጣል። ድንቢጥ አባቷን ታየዋለች። በመጨረሻ ሾፌሩ «እሺ» አለ።

እሁድ ሲባል የዚያ ሳምንት እሁድ አልነበረም፤ ልጅቷ አክስቷ ሠፈር ወዳለው ትምህርት ቤት የምትዛወርበት ወረቀት እስኪያልቅ ስምንት ቀን ነበራቸው። ሰኞ ጠዋት ሾፌሩ ሱሪውን ሰጥቷት «ቁልፉ ተፈናጠረ» ብሎ ወደ ሥራ ሄደ። ከሰዓት በኋላ ቁልፉን ልትተክል የሱሪውን ወገብ ለካች። የለካችውን ልትጽፍ ደብተሩን ገለጠች። ሰማንያ አራት። ከሥሩ ሰማንያ ስምንት። ከሥሩ ዘጠና ሁለት። ቀኖቹን አየች። ደብተሩን ገልብጣ የኋላውን አየች፤ ደግማ የፊቱን። ካሮት የማይበላው ማን ነው? ቃሪያ የሚወደው ማን ነው? አሥራ ስድስት ዓመት ሰው የለካ እጅ፣ አልጋዋ ላይ የሚተኛውን ሰው ሳያውቅ እየለካ ምሳ ሲሠራለት ከርሟል። ቁልፏን ከጣቷ አስቀመጠች። መኪናዋን አጠፋች። ነጠላ ጫማዋን እንኳ ሳትቀይር ወጣች።

አውቶቡሶቹ የሚያድሩበት ግቢ ሰፊ ነው። ዘበኛው ያውቃታል፤ «ከኋላ ነው የቆመው» ብሎ በእጁ አሳያት። ሾፌሩ የጠዋት ፈረቃውን ጨርሶ፣ ልጅቷን ከትምህርት ቤት አምጥቶ፣ ፈርሞ እስኪወጣ ባዶው አውቶቡስ ውስጥ ይቀመጣሉ። በመስኮቱ አየቻቸው። ድንቢጥ ጭኗ ላይ የብስኩት መጠቅለያ ዘርግታ የቤት ሥራዋን ትሠራለች። አጠገቧ አባቷ ሰማያዊውን ምሳ ዕቃ ደረቱ ላይ ደግፎ ይበላል። የሚበላበት ማንኪያ የቤቷ አይደለም። የራሱን ገዝቶ፣ መሪው ስር ካለው ሳጥን ውስጥ የሚያስቀምጠው ማንኪያ ነው። ከሁሉም በላይ ያቃጠላት ያቺ ማንኪያ ናት።

በሩን ገፍታ ስትገባ ሾፌሩ ሊቆም ሲል ምሳ ዕቃውን ሊያፈስሰው ነበር፤ ግን ያዘው።

«ላንቺ ብዬ ነው» አለ። ገና ምንም ሳትለው።

«ለኔ።»

«ያን ዓርብ ስታለቅሺ አየሁሽ። አንድ ቀን ብቻ፣ አንድ ቀን ደስ ይበላት ብዬ ነው። ባዶውን ዕቃ ስታዪ መዝፈን ጀመርሽ። ከዚያ በኋላ በምን አፌ ልንገርሽ?»

«ልጅቷን ሊወስዷት ነው። አክስቷ ፊት ውሸታም ስባል ሻይ ታማስላለህ።»

«ልናገር ነበር እኮ።»

«ልጄን» አለችና አቋረጠችው። ቃሏ ሳታስበው ነው ያመለጣት። «ልጅህን በብስኩት አሳደርካት። አራት ወር።»

«ወተትም እገዛላታለሁ» አለ ሾፌሩ። ደግሞ እውነቱን ነው፤ የወተቱ ጠርሙስ ወንበሩ ስር ነበር።

ድንቢጥ ደብተሯን ዘጋች። «አትናገሪ ተብዬ ነው» አለች ለመሬቱ። ልብስ ሰፊዋ ልትቆጣት አልቻለችም። የስምንት ዓመት ልጅ የሁለት ትልልቅ ሰዎች ደስታ ጠብቂ ተብላ ጠበቀች፤ ምን ጥፋት አለባት? ሁሉንም ለአክስት ሄዳ ልትናገር አሰበች። ግን ምን ብላ? ምሳውን ባሌ ነው የበላው ልትል? የአክስት መልስ ከወዲሁ ተሰማት፤ ታዲያ ልጅቷ ከእጅሽ መቼ በላች?

እሁድ ጠዋት የልጅቷን ልብስ ያጠፈችው ልብስ ሰፊዋ ናት። የሰፋችላት ሦስት ቀሚሶች ጫፋቸው ለማደጊያ ተብሎ አራት ጣት ታጥፏል፤ ማን እንደሚለቅላት እንጃ። ሾፌሩ ውጭ ከአክስት ጋር ቆሟል። ድንቢጥ ምሳ ዕቃውን በሁለት እጇ ይዛ መጣችና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«እዚያ ሌላ ገዝታልኛለች» አለች።

«እሺ።»

ልጅቷ ወዲያው አልሄደችም። በጣቷ ክዳኑን ጠቅ አድርጋ ከፈተችው፣ መልሳ ዘጋችው። «አንድ ቀን ግን በልቼ ነበር።»

ልብስ ሰፊዋ ቀሚሱን ይዛ ቀረች። «መቼ?»

«ድንች ያለበት ዳቦ። አባዬ አውቶቡሱ የተበላሸበት ቀን። ምንም የነካው ነገር አልነበረም፣ ድንች ብቻ ነበር። ቅርፊቱንም ቆርጠውት ነበር። አንዱን በላሁ፣ አንዱ ደግሞ ሆዴ ሞላና ለማታ አስቀመጥኩት።» ክዳኑን ደግማ ጠቅ አደረገችው። «ማታ ስፈልገው የለም። ከዚያ ደግመው ሠርተው እንደሆነ ብዬ በየቀኑ ከፍቼ አይ ነበር። ሳይሆን ሲቀር ለአባዬ እሰጠዋለሁ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

ድንቢጥ ጥያቄው ግራ እንደገባት አየቻት። «አልጠየቁኝም» አለች። ከዚያ በጨዋ ደንብ ተንጠራርታ ጉንጯን ሳመቻትና ወጣች።

ልብስ ሰፊዋ ደብተሩን ከፍታ ያን ገጽ ፈለገች። ግማሹ ተመለሰ፣ አትወደውም፣ ይቅር። በቀይ። በአራት ወር ውስጥ ልጅቷ ከእጇ የበላችው አንድ ቀን ነው፤ እሱንም በእርሳስ የገደለችው ራሷ ናት። ደንበኛ የማትጠይቅ ጎበዝ ልብስ ሰፊ። ደብተሩ ላይ ተደፍታ አለቀሰች፤ በዚህኛው ጊዜ በር ላይ ቆሞ የሚያይ አልነበረም።

ሰኞ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ተነሳች። ድንች ቀቀለች፣ ደፈጠጠች፣ ጨው በጣቷ ጫፍ፣ ሌላ ምንም። ቅርፊቱን ቆረጠች። የሾፌሩ መስመር በአክስት ቤት በር ላይ ነው የሚያልፈው፤ ልጅቷ ወደ ትምህርት ቤት ሳትወጣ ይደርሳል። ምሳ ዕቃውን ስትሰጠው ዓይኑን ትክ ብላ እያየች «በእጇ ስጣት» አለችው።

«በእጇ» አለ ሾፌሩ።

ማታ ምሳ ዕቃው ባዶውን ተመለሰ። ሳትጠይቀው «ኧረ አሟጣ ነው የበላችው» አላት። በማግስቱም ባዶ። በሦስተኛውም። ልብስ ሰፊዋ ክዳኑን ስትከፍት የምትፈልገው ሌላ ነበር፤ አንዷ ቁራጭ ተርፋ፣ ጫፏ በትንሽ ጥርስ ተነክሶ፣ ግማሽ ተመልሶ ማየት። እንደዚያ ከሆነ ታውቃለች። ባዶ ዕቃ ግን ከእንግዲህ አያስዘፍናትም። ሆኖም ሌላ መንገድ የላትም፤ በዚያ በኩል የሚያልፈው እሱ ብቻ ነው። አምስት ሳምንት ላከች።

በስድስተኛው ሳምንት ሾፌሩ ከሥራ መጥቶ ሱሪውን መኪናዋ ላይ አስቀመጠላት። «ደሞ ያዘኝ» አለ። «ጊዜ ስታገኚ ትንሽ ልቀቂልኝ።»

ሱሪውን ዘርግታ ስፌቱን ገለጠችው። የሚለቀቅ ጨርቅ አልቀረም፤ ሁለት ጊዜ ለቃው ጨርሳዋለች። ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ከዚያ ሰው የማትጠይቀው ሴት ጠየቀች።

«አንድ ቀንስ ደርሷታል?»

ሾፌሩ ጫማውን አየ። «አክስቷ ከዚያ ቤት ምግብ አልቀበልም አለችኝ፤ የመጀመሪያው ቀን፣ በር ላይ። ድንቢጥ በመስኮት እያየችኝ ነበር።» ድምፁ ዝቅ አለ። «እንዳይከፋሽ ብዬ ነው።»

ልብስ ሰፊዋ አልጮኸችም፤ ሱሪውንም አልወረወረችበትም። እንደ ማንኛውም ደንበኛ ሱሪ አራት ቦታ አጠፈችው።

«ታዲያ እንዴት ነው?» አለችው።

«ምኑ?»

«ድንቹ።»

ሾፌሩ ከልቧ የጠየቀችው መሰለው፤ ፊቱ ትንሽ ፈታ አለ። በጥሞና አሰበበት።

«ጥሩ ነው» አለ። «ጨው ብቻ ትንሽ ያንሰዋል።»